ውኃው የት ነው? ከተፈጥሮ ጋር ይስማማል ስለተባለ የሕፃናትና የቤተሰብ ማዕከል ንድፍ

ባለፈው ዓመት በአንድ ሴሚናር ላይ «ከተፈጥሮ ጋር የተስማማ የቅድመ ልጅነትና የቤተሰብ ማዕከል» የሚል ንድፍ ቀርቦ ነበር። ስላይዱ ያምራል። የእንጨት ግድግዳ፣ ትልልቅ መስታወት፣ ጣሪያው ላይ ሣር፣ ግቢው ውስጥ በባዶ እግሯ የምትሮጥ ልጅ። ማዕከሉ ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች በሚኖሩበት ሰፈር እንዲሠራ የታሰበ ስለሆነ አቅራቢው አንድ ነገር ጨምሮበታል፤ መግቢያው ላይ የጎጆ ቤት ቅርጽ ያለው ክዳን። ይህን ካሳየ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ትክክል ነው አይደል?» አለኝ። ክፍሉ ውስጥ የነበርኩት ኢትዮጵያዊት እኔ ብቻ ነኝ።

«አዎ፣ ያምራል» አልኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ መልስ ነው። አሁን የምጽፈው ያን ቀን መመለስ የነበረብኝን ለመመለስ ነው። የንድፉን ባለቤት ለመውቀስ አይደለም፤ ሰውየው በቅን ልቦና የሠራው ሥራ ነው። ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ንድፎች በየሰፈራችን እየበዙ ነው፣ እኛም ነገ የልጆች እናትና አባት እንሆናለን። አንድ ሕንፃ ከተፈጥሮ ጋር ተስማማ የምንለው ምን ሲሆን ነው? «ቤተሰብ» የሚለው ቃልስ ከሕንፃው ውስጥ የትኛው ክፍል ላይ ነው ያለው?

ጋን እና መዋዕለ ሕፃናት

በመጀመሪያ ቃላቱን እንይ። በዕብራይስጥ ሕፃናት የሚውሉበት ቦታ «ጋን ዬላዲም» ነው፤ የልጆች የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮብል ነው። ፍሮብል በ1840 «ኪንደርጋርተን» የሚለውን ስም ያወጣው ለማሳመር ብቻ አልነበረም፤ ልጆቹ የሚዘሩበትና የሚያርሙበት የየራሳቸው መደብ ነበራቸው። በ1898 የመጀመሪያው የዕብራይስጥ ጋን እዚሁ አጠገባችን ሪሾን ለጺዮን ሲከፈት ስሙም አብሮ መጣ።

በአማርኛ ደግሞ «መዋዕለ ሕፃናት» እንላለን። መዋዕል ቀናት ማለት ነው። ዕብራይስጡ ቦታውን ይጠራል፣ አማርኛው የልጁን ውሎ ይጠራል። ሁለቱንም ቋንቋ የምናውቅ እኛ ሁለቱንም ጥያቄ ማንሳት እንችላለን፤ አትክልቱ የት ነው? ልጁስ ቀኑን እንዴት ዋለ?

በብዙ ጋኖች ዛሬ አትክልቱ በስም ብቻ ቀርቷል። መሬቱ በጎማ ወይም በሰው ሠራሽ ሣር ተሸፍኗል። ይህ በክፋት የሆነ አይደለም። በእስራኤል የመጫወቻ ቦታ ዕቃዎች 1498 የሚባለውን የደረጃ መስፈርት ማሟላት አለባቸው፣ ጎማውም ልጅ ከፍ ካለ ቦታ ሲወድቅ ጉዳቱን ይቀንሳል። ግን በሐምሌ እኩለ ቀን ረሖቮት ውስጥ እጃችሁን ጎማው ላይ አሳርፉና እዩ። ያቃጥላል። ከመውደቅ የሚጠብቀው ነገር ልጁን በቀኑ ዋነኛ ሰዓት ከግቢው ያስወጣዋል። ስለዚህ ብዙ ልጅ የሚውለው ቤት ውስጥ ነው፤ ያ የስላይዱ መስታወት ያኔ ተፈጥሮን እንደ ቴሌቪዥን የሚያሳይ ይሆናል።

ሁለት ምሳሌዎች

እንዲህ ዓይነት ንድፎች ሁሉ የሚጠቅሱት አንድ ሥራ አለ፤ ቶኪዮ አጠገብ ታቺካዋ በምትባል ከተማ ያለው ፉጂ መዋዕለ ሕፃናት። አርክቴክቶቹ ባልና ሚስት ናቸው፣ ታካሃሩ እና ዩዪ ቴዙካ። በ2007 ተጠናቀቀ። ሕንፃው እንደ እንቁላል የሞላለ ቀለበት ነው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ ስለሆነ ልጆቹ በላዩ ላይ ዙሪያውን ይሮጣሉ። በቦታው የነበሩትን ትልልቅ ዛፎች አልቆረጧቸውም፣ ጣሪያውን ሰንጥቀው እንዲወጡ አደረጉ። ይህን ሥራ አደንቃለሁ። የማደንቀው ግን በእንጨቱ ምክንያት አይደለም። አርክቴክቶቹ ልጅ መሮጥና መውጣት እንደሚወድ፣ አንዳንዴም እንደሚወድቅ ተቀብለው ሕንፃውን ከዚያ ጀመሩ። ዛፉ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚወጣበት ዛፍ ነው። የሚኮርጁት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወስዱት ክቡን ቅርጽ ነው፣ ፈቃዱን ይተዉታል።

ሁለተኛው ምሳሌ እዚሁ አገራችን ያለ ነው፣ ፎቶው ግን አያምርም፤ ለዚህም ይመስለኛል ስላይድ ላይ የማይገባው። ማልካ ሃስ የምትባል የሕፃናት አስተማሪ በቤት ሸዓን ሸለቆ ባለው በኪቡጽ ስዴ ኤሊያሁ «ሐጸር ግሩታዖት» የሚባለውን ግቢ አዳበረች። ግሩታዖት ውራጅ፣ የተጣለ ዕቃ ማለት ነው። የተሰበረ ወንበር፣ ሣጥን፣ ጎማ፣ ቱቦ፣ አሮጌ ድስት፤ አዋቂዎቹ ሠርተውበት የጣሉት ሁሉ ለልጆቹ ይሰጣል። ልጆቹ በእሱ ቤት ይሠራሉ፣ አፍርሰው ደግሞ ሌላ ይሠራሉ። ከዚያ በፊት በ1943 ኮፐንሃገን ውስጥ ኤምድሩፕ በተባለ ሰፈር የመሬት ገጽታ አርክቴክቱ ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን ተመሳሳይ ግቢ ከፍቶ ነበር። ማልካ ሃስ ግን አንድ ነገር በግልጽ አየች። ልጅ የአዋቂውን ዓለም በእጁ መንካት ይፈልጋል፤ አሻንጉሊት ድስት ሳይሆን እናቱ የሠራችበትን ድስት ነው የሚፈልገው።

ይህን ስነግራት እናቴ ሳቀች። «ይሄ ደግሞ ምን አዲስ ነገር አለው?» አለች። እሷ በልጅነቷ ጭቃ ስትረግጥ፣ ከተሰበረ ገንቦ ስባሪ ሰሐን ስትሠራ ነው ያደገችው።

እናቴ ስለ ተፈጥሮ

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያለብኝ ነገር አለ። እኛ እዚህ የተወለድነው ልጆች የወላጆቻችንን መንደር ስናወራ ቶሎ እናሳምረዋለን። እኔም እንደዚያ አድርጌ «እማ፣ እናንተኮ ከተፈጥሮ ጋር ነው የኖራችሁት» ብያት ነበር።

«ተፈጥሮ? እኛ ሥራ ነበር የምንለው» አለችኝ። «በአምስት ዓመቴ ግልገል እጠብቅ ነበር። ጅቡስ? ወባውስ? የሞቱትን ሕፃናት ማን ቆጥሯቸው? አሁን መዥገር የለም፣ ሐኪም ቅርብ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን በይ።»

ልክ ናት። ቲፓት ሐላቭን፣ ክትባቱን፣ የቧንቧ ውኃውን ንቃ መንደሩን የምትናፍቅ እናት አላየሁም። ስለዚህ «ወደ ተፈጥሮ እንመለስ» የሚል ንግግር በእኛ ቤት አያስኬድም። ነገር ግን ከንግግሯ ውስጥ አንድ ቃል ያዝኩ፤ «ሥራ»። ለእሷ ዛፍ፣ አፈርና ውኃ የሚታዩ ነገሮች አልነበሩም፤ ሰው አብሯቸው የሚሠራባቸው ነበሩ። ልጁ ያን ሥራ ከአዋቂው ጎን ሆኖ ያያል፣ እንደ አቅሙ ይገባበታል። በስላይዱ ላይ ያጣሁት ይህን ነው። በዚያ ውብ ግቢ ውስጥ ምንም የሚሠራ አዋቂ የለም።

አሁን ወደ ጎጆው ልመለስ። ጎጆ ቅርጽ ብቻ አይደለም። ምሰሶው ይቆማል፣ ማገሩ ይታሰራል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ይቦካል፣ ይለሰናል፤ ሲሰነጠቅ እንደገና ይለሰናል። ውስጡም ለልጅ አንድ፣ ለአዋቂ ሌላ ተብሎ አልተከፈለም፤ እናት እየጋገረች ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ በአንቀልባ ነው። ይህን ሁሉ ትታችሁ ሾጣጣውን ክዳን ብቻ በብረትና በቆርቆሮ ስትሠሩት የሚቀረው ምልክት ነው። ምልክቱ የሚናገረው «እዚህ እነሱ ይኖራሉ» የሚለውን እንጂ «እናንተ የምታውቁት ነገር አለ» የሚለውን አይደለም።

ከሁሉ በላይ የከነከነኝ ግን ፕላኑን ቤት ወስጄ በደንብ ሳየው ያገኘሁት ነው። የልጆቹ ክፍሎች በሙሉ ወደ አትክልቱ ይከፈታሉ። «ቤተሰብ» የሚለው ቃል የተጻፈው በአንድ ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ «የወላጆች ሥልጠና» ይላል። የዚያ ክፍል መስኮት የሚያየው የመኪና ማቆሚያውን ነው።

ተፈጥሮ ለልጁ፣ ትምህርት ለወላጁ። ንድፉ ሳይናገር የተናገረው ይህን ነው፤ ልጁ ገና ያልተበላሸ ነውና ነፃ ይሁን፣ ወላጁ ግን ጎደሎ ነውና ይማር። ስንቶቻችን ነን እናታችን በእንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ ይዛ ስትቀመጥ ያየን? ጆይንት በ1998 በቤር ሸቫ ለማህበረሰባችን ሕፃናት የጀመረውና በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው ፓክት የተባለው ፕሮግራም የስሙ ትርጉም «ወላጆችና ልጆች አብረው» ነው። «አብረው» የሚለውን ቃል ከፕሮግራም ወደ ግድግዳና ወደ በር ማምጣት የንድፍ ሥራ ነው። ያ ፕላን አላመጣውም።

ሻዓራይም፣ ሁለት በሮች

የምኖረው ሻዓራይም ነው። ስሙ በዕብራይስጥ «ሁለት በሮች» ማለት ሲሆን በመጽሐፈ ኢያሱ ከይሁዳ ከተሞች መካከል ተጠቅሷል። ሰፈሩን ከመቶ ዓመት በፊት የመሠረቱት ከየመን የመጡ አይሁዶች ናቸው፤ በረሖቮት እርሻዎች ላይ በጉልበታቸው ይሠሩ ነበር። «ከተፈጥሮ ጋር መስማማት» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1913 እዚሁ ረሖቮት ውስጥ ከአንድ ወይን እርሻ ደረቅ ጭራሮ የለቀሙ የየመን ሴቶች በባለ እርሻው ተደበደቡ። ጭራሮ ነው፤ ለምድጃ። ስለ ተፈጥሮ ስናወራ «ማን ነው እንዲነካው የተፈቀደለት?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ከተማ አዲስ አይደለም።

እነዚያ ቤተሰቦች ጓሮ ነበራቸው፣ ዛሬም አንዳንዱ አጥር ሥር ጤና አዳም ታገኛላችሁ። በዕብራይስጥ «ፔጋም» ይባላል። የየመን ሴቶች ለክፉ ዓይን ይይዙታል፣ የሙሽራ ራስ ላይም ይሰኩታል። እኛ ቡና ውስጥ እንጨምረዋለን። ሁለት ማህበረሰቦች ሳይነጋገሩ የሚጋሩት ተክል ነው። ማዕከሉ እዚህ የሚሠራ ከሆነ ከጎጆ ክዳን ይልቅ ጤና አዳም ይሻላል ባይ ነኝ።

ግን እዚህም ላይ እውቀት ያስፈልጋል። የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል። ስለዚህ አሸዋው አጠገብ፣ የሁለት ዓመት ልጅ እጅ በሚደርስበት አይተከልም፤ አያት በምትቀመጥበት በኩል፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይተከላል። ለልጆቹ በሶብላ ይበቃል፤ ቢቀጥፉት፣ ቢያሸቱት፣ ቢቀምሱትም ችግር የለውም። ከተፈጥሮ ጋር መስማማት የምለው እንዲህ ያለውን ዝርዝር ነው፤ የትኛው ተክል፣ በየትኛው እጅ ከፍታ፣ በማን ጥበቃ።

ለጥላ ደግሞ ሽክማ አለ። ነቢዩ አሞጽ ይለቅመው የነበረው ዛፍ ነው፤ በአማርኛ ሾላ እንለዋለን። ሾላ እዚህ አገር ፍሬ ያፈራል እንጂ ዘር አይዝም፤ አበባውን የምታዳቅለው ትንሽ ተርብ በአፍሪካ እንጂ እዚህ የለችም። ስለዚህ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሰው ቅርንጫፍ እየቆረጠ ሲተክለው ነው እዚህ የኖረው። በጋ ላይ ከሸራ ጥላ ይልቅ ያቀዘቅዛል፣ ዝቅ ያሉ ወፍራም ቅርንጫፎቹም ለመውጣት ይመቻሉ። ችግሩ ለማደግ ዓመታት ይፈልጋል፣ ፍሬውም ሲረግፍ መሬቱን ያቆሽሻል። ዛፉ እስኪያድግ ሸራ ይዘርጋ፤ ፍሬውን የሚጠርግ ሰው ደግሞ በጀት ውስጥ ይግባ።

ወቅቶቹንም አስቡ። እናቴ «ክረምት» ስትል የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው የምታስበው፤ የጋኗ መምህርት «ሖሬፍ» ስትል ታኅሣሥ ነው። ልጁ በሁለቱ መካከል ይደናገራል። በመስከረም ኢትዮጵያ ውስጥ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ እዚህ በሮሽ ሃሻና ሰሞን ከደረቅ መሬት ሐጻቭ ነጭ አበባውን ያወጣል። አንድ ሐጻቭ አጥሩ ሥር ቢተከል ለአያትም ለመምህርትም የሚያወሩት ነገር ይሰጣቸዋል፤ ሁለቱም ለልጁ «አዲስ ዓመት መጣ» ይሉታል።

ኮንክሪቱን አንርሳ

ስለ ተፈጥሮ የሚያወሩ ንድፎች አንድ ነገር ይደብቃሉ፤ ማማዱን። በሰኔ 15 ቀን 2025 ከኢራን የተተኮሰ ሚሳይል እዚሁ ከተማችን ያለውን የቫይዝማን ኢንስቲትዩት መትቷል። ከዚያ በኋላ ረሖቮት ውስጥ ያለ ኮንክሪት ስለሚሠራ የልጆች ቤት ማውራት ቀልድ ነው። በዚያ ፕላን ላይ ማማዱ ከኋላ፣ ከመጋዘኑ ጎን የተቀመጠ ግራጫ ሣጥን ነበር። እኔ ቢጠይቁኝ መሃል ላይ ይሁን እላለሁ። ልጆቹ በየቀኑ ተረት የሚሰሙበት፣ የሚተኙበት ክፍል ይሁን፤ ሳይረኑ ሲጮህ የሚሮጡት ወደሚያውቁት ቦታ እንዲሆን።

ሌላ ከተማም ልጥቀስ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለትንንሽ ልጆች ትልቅ ፕሮግራም ጀምሯል፤ የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ወላጆችን ያነጋግራሉ፣ መጫወቻ ቦታዎችም ይሠራሉ። ከዚያ በፊት በ2018 መጨረሻ «መንገድ ለሰው» በሚል በአንዳንድ እሑዶች መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለልጆች ይከፈቱ ጀመር። ከፓርኮቹ ይልቅ ይህ ይማርከኛል። አዲስ ሕንፃ አልጠየቀም፤ የጠየቀው በሩ ላይ ያለውን አስፋልት ለጥቂት ሰዓት መልቀቅ ብቻ ነው። የሻዓራይምም ማዕከል ቢሆን ከአጥሩ ውጭ ያለው መንገድ የመኪና ከሆነ፣ ውስጡ ጫካ ቢሆንም ልጁ የሚደርስበት በመኪና ወንበር ታስሮ ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንዲህ ዓይነት ንድፍ ሲቀርብልኝ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ልጁ እዚህ ምን መቆፈር፣ ማርጠብ፣ ማፍረስ ይፈቀድለታል? ሁለተኛ፣ አያቱ የት ትቀመጣለች፣ ምንስ ትሠራለች? ከሰል ማንደድ በሕፃናት ግቢ አይቻልም፣ ይገባኛል፤ ግን ጥላ ሥር በርጩማና አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይቻላል። ሦስተኛ፣ በኦገስት ሁሉም እረፍት ሲወጣ ማን ያጠጣል? ክፍያው ከየት ይመጣል? ይህን የምለው አያቶቻችን በነፃ አትክልተኛ እንዲሆኑ አይደለም። እውቀት ካላቸው ለእውቀታቸው ይከፈላቸው፤ የአትክልት አስተማሪዋም ደመወዝ ታገኛለች።

ለአንባቢዎች ደግሞ አንድ ተግባራዊ ነገር። ለሰፈር ሥራ የሚውል አዲስ የመሬት ፕላን ለሕዝብ ሲቀርብ፣ የእስራኤል የፕላንና ግንባታ ሕግ ተቃውሞ ለማቅረብ 60 ቀን ይሰጣል። ወላጆቻችን ዕብራይስጡ ስለከበዳቸው ያለፉትን ወረቀት እኛ ማንበብ እንችላለን። «ያምራል» ብለን ከማለፍ ይልቅ ማለቴ ነው።

እኔ ያንን ፕላን ለእናቴ በመጨረሻ አሳየኋት። የጎጆውን ክዳን አየችው፣ ፈገግ አለች፣ ምንም አላለችም። ከዚያ ጣቷን ግቢው ላይ እያስኬደች ቆየች። «ውኃው የት ነው?» አለችኝ። የእኛ ሰዎች መንደር ሲመሠርቱ ወንዝ አጠገብ ነበር የሚሠፍሩት፤ ለመጠጥም ለመንጻትም። እኔ ስለ ክዳኑ ስጨነቅ እሷ ያንን ፈለገች።

ፕላኑን እንደገና አገላበጥኩት። መጸዳጃ ቤቶቹና ኩሽናው ውስጥ ነው ቧንቧ ያለው። ግቢው ላይ፣ ያ ሁሉ አረንጓዴ በተቀባበት፣ አንድም ቧንቧ አልነበረም።